ቀይ ፋኖስና የተደፋ ጣሳ
የመሸታ ቤት ታሪክ በኤዶ፣ በአዲስ አበባና በቴሜስካል

የአዲስ አበባ ጠላ ቤት በበሩ ላይ ጽሑፍ አልነበረውም። ከአጥሩ በላይ ረዘም ያለ እንጨት ይቆምና ጫፉ ላይ ጣሳ ይደፋበታል። ያን ያየ መንገደኛ፣ ፊደል የቆጠረውም ያልቆጠረውም፣ ትናንት ከገጠር የገባውም ቢሆን፣ እዚያ ቤት ጠላ መኖሩን ያውቃል። በጃፓን ደግሞ ከመሸታ ቤቱ በር ላይ ቀይ የወረቀት ፋኖስ ይሰቀላል። ጃፓኖች ቤቱን ራሱን «አካቾቺን» ይሉታል፤ ትርጉሙም ቀይ ፋኖስ ማለት ነው። ሁለቱ አገሮች በመካከላቸው ስንት ባሕር እያለ፣ ደክሞት ወደ ቤቱ የሚገባውን ሰው «ና፣ ትንሽ አረፍ በል» የሚሉበት ዘዴ ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ።

ዛሬ በኦክላንድና በበርክሌይ ይህ ቀይ ፋኖስ አዲስ ነገር አይደለም። በበርክሌይ መሐል ከተማ በ2010 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተከፈተውን ኢፑኩን የመሰሉ ቤቶች «ኢዛካያ» የሚለውን ቃል ለአካባቢው ሕዝብ አስተዋውቀዋል። ቴሜስካል ውስጥ እንጀራ በልቶ የወጣ ሰው በቴሌግራፍ ጎዳና ጥቂት ቢሄድ፣ ጃፓናዊው የጎረቤት መሸታ ቤት ሩቅ አይሆንበትም። ሆኖም ብዙው ወገናችን ጃፓንን ከሱሺ ጋር ብቻ አያይዞ ስለሚያውቅ፣ ጥሬ ዓሣ ላለመብላት ሲል በበሩ አልፎ ይሄዳል። ጥሬ ሥጋ በአዋዜ የሚበላ ሕዝብ ጥሬ ዓሣ ፈራ ቢባል ማን ያምናል! ለማንኛውም ኢዛካያ የሱሺ ቤት አይደለም። ታሪኩ ደግሞ ለእኛ ከሚመስለው ይልቅ ቅርብ ነው።

ቆሞ ከመጠጣት ተቀምጦ ወደ መጠጣት

ቃሉ ራሱ ታሪኩን ይናገራል። «ሳካያ» ሳኬ የሚሸጥበት ሱቅ ነው። «ኢ» ደግሞ መቀመጥ፣ መቆየት ማለት ነው። በጥንቱ ሥርዓት ገዢው እንስራውን ወይም ማሰሮውን ይዞ ይመጣል፣ ሳኬውን አስለክቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በኋላ አንዳንዱ ደንበኛ እዚያው ሱቁ በር ላይ ቆሞ መጠጣት ጀመረ። ባለሱቁም በርሜል አገላብጦ መቀመጫ ሰጠው። ሲቀመጥ ራበው፤ ሲርበው የሚቀመስ ነገር ቀረበለት። ኢዛካያ የተወለደው በዚህ ሁኔታ ነው፤ የንጉሥ አዋጅ አላቋቋመውም፣ የባለሀብት እቅድም አልነበረበትም።

የተስፋፋውም በኤዶ ነው፤ ኤዶ ማለት የዛሬዋ ቶኪዮ ናት። በ1596 የተቋቋመው ቶሺማያ የተባለ የሳኬ ነጋዴ በዚህ ረገድ ስሙ ይነሳል። ይህ ቤት ሳኬውን በገዛበት ዋጋ ያህል አርክሶ ይሸጥና ትርፉን ባዶ በርሜሎቹን በመሸጥ ያገኝ ነበር ይባላል። ከሳኬው ጋር ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ ምግብ) በእንጨት ላይ ሰክቶ፣ ሚሶ ቀብቶና ጠብሶ ለድሃው ያቀርብ ነበር። ጫኝና አውራጁ፣ የሾጉኑን ግንብ የሚገነባው ሠራተኛ፣ ፈረስ የሚጎትተው ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል።

ለምን ኤዶ? መልሱ ለስደተኛ አንባቢ ግልጽ ነው፤ ኤዶ የብቸኛ ወንዶች ከተማ ነበረች። ሾጉኑ ከ1635 ጀምሮ የየአገሩ መሳፍንት በየተራቸው ኤዶ መጥተው እንዲቀመጡ ስላስገደደ፣ እያንዳንዱ መስፍን ሎሌዎቹን አስከትሎ ይመጣል፤ የሎሌዎቹ ሚስቶች ግን በየአገራቸው ይቀራሉ። በዚህ ላይ ሥራ ፍለጋ ከገጠር የሚጎርፈው ሕዝብ አለ። በ18ኛው መቶ ዓመት ከተማዋ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ሲኖራት የወንዱ ቁጥር ከሴቱ እጅግ ይበልጥ ነበር። በጠባብ ክፍል የሚያድር፣ ምድጃ የሌለው፣ ወጥ የሚሠራለት የሌለው ወንድ ማታ የት ይሄዳል? በ1811 በተደረገ ቆጠራ በኤዶ 1,808 ኢዛካያዎች ተመዝግበዋል። ይህ ማለት ለ550 ሰው ያህል አንድ መሸታ ቤት ማለት ነው። ቆጣሪዎቹ ያልደረሱበት የጓሮ ቤት ስንት እንደነበረ የሚያውቅ የለም፤ ጠላ ቤት ቆጥሮ የጨረሰ ቀበሌ መቼ አይተን እናውቃለን?

ኮማሪቷ

አዲስ አበባም ከተቆረቆረች ከ1886 በኋላ የሆነው ከዚህ የራቀ አይደለም። ጠጅ በጥንቱ ዘመን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር፤ ድሃው ጠላውን ይጠጣል። ጠጅ የሚቀመሰው በግብር ላይ ነው፤ ምኒልክ ባሠሩት አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው ተራ በተራ እየገባ ጥሬ ሥጋውን እየቆረጠ፣ ጠጁን እየጠጣ ይወጣ ነበር። ከተማዋ እየሰፋች፣ ወታደሩ፣ ነጋዴው፣ ቀን ሠራተኛው እየበዛ ሲሄድ ግን የጌታ ግብር የማይደርሰው ሕዝብ በዛ። ጠጁ ከአዳራሹ ወጥቶ ወደ ጠጅ ቤት ገባ፤ ብርሌም ገንዘብ ላለው ሁሉ ሆነ። እቴጌ ጣይቱ በ1907 ያስከፈቱት ሆቴል ለባላባቱና ለፈረንጁ ሲሆን፣ ለተራው ሰው ግን ምግብና መጠጥ የሚሸጥበት ቤት በሌላ ሰው እጅ ነበር። ይኸውም በሴት እጅ ነበር።

እዚህ ላይ የእኛና የጃፓን ታሪክ ይለያያል። በኤዶ ኢዛካያ ሻጩም ጠጪውም ባብዛኛው ወንድ ነበር። በእኛ አገር ግን ብቅሉን አብቅላ፣ ጌሾውን ወቅጣ፣ እንኩሮውን አንኩራ፣ ጋኑን በወይራ አጥና፣ ጠንስሳ፣ ደፍድፋ፣ አጥልላ የምትሸጠው ሴት ናት። ብዙዋ ባሏ የሞተባት፣ ትዳሯ የፈረሰባት ወይም ከገጠር ተሰድዳ የመጣች ናት። መሬት የላትም፤ የዘመዶቿን ቤት ለቅቃለች። ያላት ነገር እናቷ ያስተማረቻት የጥንስስ ሙያ ብቻ ነው። በዚያ ሙያ ልጆች አሳድጋለች፣ ልጆቹንም አስተምራለች። ኅብረተሰቡ ግን «ኮማሪ» ብሎ ስም ሰጣትና ስሙን የስድብ አደረገው። ዛሬ ስለ ኢትዮጵያ ምግብ ክብር በየጋዜጣው ሲጻፍ፣ ያን ሙያ በከተማ ያቆየችው ይህች ሴት መሆኗ ሲነሳ አይሰማም። ይህ ትልቅ ግፍ ነው።

የጃፓን ሴቶችም ቤታቸው ይጠምቁ ነበር። «ዶቡሮኩ» ይባላል፤ ያልተጠለለ፣ ነጣ ያለ፣ በእኛ ቋንቋ ጉሽ ሳኬ ቢባል ያስኬዳል። የሜጂ መንግሥት ግን በ1899 ቤት ውስጥ መጥመቅን ጨርሶ ከለከለ። ምክንያቱ ሥነ ምግባር አልነበረም፤ ገንዘብ ነበር። በዚያን ጊዜ ከመንግሥቱ የግብር ገቢ ሢሶው ገደማ ከሳኬ ቀረጥ የሚመጣ ነበር። የጦር መርከቡም መድፉም ከዚሁ ይከፈላል። በ1905 ጃፓን ሩሲያን ስታሸንፍ የዓለም ሕዝብ ተደነቀ። የዚያን ድል ዋጋ በከፊል የከፈለው በየመሸታ ቤቱ ጽዋ ያነሳ ገበሬና ወዛደር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ያ ድል ኢትዮጵያ ውስጥም ተሰማ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን የመሰሉ ሰዎች ጃፓንን ምሳሌ አድርገው ጻፉ። የ1931 ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ የጃፓን የ1889 ሕገ መንግሥት አርአያ ሆነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መልእክተኛ ሆነው ወደ ጃፓን ሄዱ፤ ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን፡ ሀገረ ጃፓን» የተባለ መጽሐፍ አወጡ። በአዲስ አበባ ገበያ ደግሞ የጃፓን አቡጀዲ ሌላውን ጨርቅ ከገበያ እያስወጣ ነበር። አብረው ከሄዱት መካከል የነበሩት ልጅ አርአያ አበበ ጃፓናዊት ሊያገቡ ታስቦ በ1934 ጉዳዩ ፈረሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ፤ ጃፓንም በዚያው በ1936 የፋሽስቱን ወረራ ተቀበለች። ተስፋ የተጣለባት ወዳጅ እንዲህ ስትሆን የዚያ ዘመን ምሁራን ምን እንደተሰማቸው መገመት አያዳግትም።

ከጦርነቱ በኋላ ግን ግንኙነቱ ታደሰ። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከኮርያ ጦር ሜዳ ለዕረፍት ወደ ጃፓን ይሻገሩ ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1956 ቶኪዮ ሄዱ። አበበ ቢቂላ በ1964 እዚያው ከተማ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ አገኘ። ዛሬም በኢዛካያ ውስጥ እድሜው የገፋ ጃፓናዊ «ኢትዮጵያዊ ነኝ» ያለውን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ አበበ ቢሆን አይገርምም።

የአገር ቤት ጣዕም በባቡር

ዛሬ በኢዛካያ የምግብ ዝርዝር ላይ የየክፍለ ሀገሩ ስም ተጽፎ የምናየው ነገር ጥንታዊ ይመስላል። አይደለም። በአብዛኛው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣ ነው፤ ያመጣውም ስደት ነው።

ጃፓን በ1945 ስትሸነፍ ሩዝ ጠፋ። በየባቡር ጣቢያው ዙሪያ የጥቁር ገበያ ዳስ ተጣለ። ሥጋ በራሽን ስለሆነ፣ ማንም የማይፈልገውን ሆድቃ እየጠበሱ ከርካሽ አረቄ ጋር የሚሸጡ ብዙ ነበሩ። የዛሬው ኢዛካያ ጨጓራና ጉበት በእንጨት ሰክቶ የሚጠብሰው አንዱ ከዚያ ዘመን ተርፎ ነው። ዱለት የሚወድ ሰው ይህን ክፍል በደንብ ይረዳዋል።

ኢኮኖሚው ሲያንሰራራ ፋብሪካው ሠራተኛ ፈለገ። ከ1954 ጀምሮ ከሰሜኑ ከአዎሞሪ ወደ ቶኪዮ ኡዬኖ ጣቢያ ልዩ ባቡር ይመጣ ጀመር። የተሳፈሩት 15 ዓመት የሞላቸው፣ ትምህርታቸውን ገና የጨረሱ የገበሬ ልጆች ናቸው። እነዚህን ልጆች አሠሪዎቹ «የወርቅ እንቁላል» ይሏቸው ነበር። ስሙ ያማረ ነው፤ ኑሮው ግን የፋብሪካ መኝታ ክፍልና ናፍቆት ነበር። ይህ የጅምላ ቅጥር እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ቆየ። በየጣቢያው አካባቢ የተከፈቱት የክፍለ ሀገር ኢዛካያዎች እነዚህን ልጆች ነው ያገለገሉት። የአኪታ ልጅ በእንጨት ላይ ተድቦልቡሎ የተጠበሰውን ሩዝ ኪሪታንፖን ያገኝበታል። የኪዩሹ ልጅ ከስኳር ድንች የሚወጣውን ሾቹ ይጠጣል፤ ሾቹ እንደ ካቲካላችን በእንፋሎት የሚወጣ ነው። የኦኪናዋው ደግሞ አዋሞሪውን፣ የናጎያው የዶሮ ክንፉን፣ የሆካይዶው በከሰል የተጠበሰ ዓሣውን ያገኛል። ከሁሉ በላይ ግን ባለቤቷ በአገሩ ዘዬ «ደህና አመሸህ?» ትለዋለች። ቋንቋው አንድ ቢሆንም ዘዬ ስደተኛን ያሳብቅበታልና፣ ቀን በፋብሪካ የሚሸማቀቅበትን አነጋገር ማታ እዚያ እንደልቡ ያወራዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ ክትፎ ቤትን ያቋቋሙት የጉራጌ ተወላጆች ታሪክም ይኸው ነው። ክትፎና ቆጮ ከገጠር ከተማ የገባው ሥራ ፈልጎ ከመጣው ሰው ጋር ነው። በመጀመሪያ የአገሩን ሰው መገበ፤ ቆይቶ የከተማው ሁሉ ምግብ ሆነ። ዛሬ ክትፎ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ እንኳ የለም።

ወደ ኢዛካያ የሚገባ ወገን ጥቂት ነገር ቢያውቅ አይከፋም። ገና ሲቀመጥ ያላዘዘው ትንሽ ሳህን ይቀርብለታል፤ «ኦቶሺ» ይባላል፣ በጃፓን በሒሳቡ ውስጥ የሚገባ ነው። ጠላ ቤት ከመለኪያው ጋር የምትቀርበውን ቆሎ ያስታውሳል፤ ቆሎዋ ግን በነፃ ነበረች። ሳህኖቹ ትናንሽ ናቸው፣ መሐል ላይ ይቀመጣሉ፣ ሁሉም ከዚያ ያነሳል። ለብቻው አንድ ሳህን ይዞ የሚበላ የለም። ለራስ መቅዳት ነውር ነው፤ ለጎረቤት ይቀዳለታል፣ ጎረቤትም መልሶ ይቀዳል። ጉርሻ ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይሆንበትም።

የቴሜስካል ባለቤቶች

ቴሜስካል የሚለው ስም ከሜክሲኮ ጥንታዊ ቋንቋ ከናዋትል የመጣ ነው፤ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ማለት ነው፤ የወሎ ሰው «ወሻባ» ቢለው ያስማማል። የአገሩ ነባር ሕዝብ ኦሎኔ በወንዙ ዳር እንዲህ ያለ ቤት ስለነበረው ስሙ ለወንዙ፣ ከዚያም ለሰፈሩ ሆነ። በ1820 የስፔን መንግሥት መሬቱን ለሉዊስ ፔራልታ ሰጠ፤ ልጁ ቪሴንቴ በ1836 ቤት ሠራበት። ኋላ የወርቅ ፈላጊው ጎርፍ መጥቶ መሬቱን ተሻማው። በ1897 ሰፈሩ ከኦክላንድ ጋር ተቀላቀለ።

ከዚያ የመጡት ጣሊያኖች ናቸው። አጠገቡ ባለው የድንጋይ ካባ ይሠሩ ነበር። ቤት ሠሩ፣ ወይን ጠመቁ፣ ክበብ አቋቋሙ፤ ኮሎምቦ ክበብ ዛሬም በክሌርሞንት ጎዳና አለ። መጠጥ በአሜሪካ በሕግ በተከለከለበት ከ1920 እስከ 1933 ባለው ጊዜ፣ አንድ ቤተሰብ በዓመት 200 ጋሎን ያህል የፍራፍሬ ጭማቂ ለቤቱ እንዲያዘጋጅ ሕጉ ይፈቅድ ነበር። የካሊፎርኒያ ጣሊያኖች ከዚያ ጭማቂ ምን እንደሠሩ ለመናገር ነቢይ መሆን አያስፈልግም። በ1926 የተከፈተው የጄኖቫ የምግብ መደብር በ51ኛ መንገድና በቴሌግራፍ አካባቢ 90 ዓመት ቆይቶ በ2016 ተዘጋ። ያ ሁሉ ጣሊያናዊ ግን ከዚያ ቀደም ሲል ተበትኖ ነበር። በ1960ዎቹ የ24 ቁጥር አውራ ጎዳና ሲሠራ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ፣ ብዙ ቤት ፈረሰ። የባርት ባቡር በ1972 ሥራ ሲጀምር ቴሌግራፍ ጭር ብሎ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ ኪራዩ ወርዶ ነበር።

ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ ስደተኛ የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው። ታሪክ ቀልደኛ ነች። አያቶቻቸው ከጣሊያን ጋር የተዋጉ ሰዎች ጣሊያን ትቶት በሄደው ጎዳና ላይ ምጣዳቸውን ጣሉ።

የኢትዮጵያ ምግብ ቤት በአሜሪካ ከዚያ በፊት አልነበረም ማለት አይደለም። በዋሽንግተን የ«ማማ ደስታ» ምግብ ቤት በ1978 ተከፍቷል፤ ወጥ ቤቷ ወይዘሮ ደስታ ባይሩ ነበሩ። ሆኖም የብዙ ሰው መምጫ የሆነው በመጋቢት 1980 የጸደቀው የስደተኞች ሕግ ነው። ከቀይ ሽብር የተረፈው፣ በሱዳን በረሃ ያለፈው፣ በካርቱምና በገዳሪፍ ተራ የጠበቀው ወጣት ኦክላንድና ሳን ሆዜ ገባ። ይህ ሰው ከአዲስ አበባ ሲወጣ የተወው የሌሊት ኑሮ እንኳ በሰዓት እላፊ የታሰረ ነበር። በደርግ ዘመን ማታ መጠጥ ቤት የገባ ሰው ሰዓቱ ካለፈበት ሰዓት እላፊው እስኪነሳ በሩ ተቆልፎበት ያድራል፤ ሙዚቀኛውም እስኪነጋ ይጫወታል። በቴሌግራፍ የተከፈቱት ምግብ ቤቶች የመጀመሪያ ደንበኞች ይህን ሁሉ ተሸክመው የመጡ ነበሩ። አስመራ ምግብ ቤት፣ በ1991 የተከፈተው ካፌ ኮሉቺ፣ ሌሎችም እንደዚያ ተነሱ። ምግብ ብቻ አልሸጡም፤ ሥራ የሚፈልገው ሥራ የሚሰማበት፣ ለቅሶ የሚነገርበት፣ እንደዚህ ያለ ነፃ ጋዜጣ በር ላይ ተከምሮ የሚገኝበት ቦታ ሆኑ። ካፌ ኮሉቺ ከቴሌግራፍ ወደ ሳን ፓብሎ ጎዳና ተዛውሯል። ሰፈሩ አሁን ኪራዩ የናረ፣ ቡናው በሚዛን ተለክቶ የሚቀዳበት ሰፈር ሆኗል።

በር ላይ የተጻፈው

የጃፓኖቹ ታሪክ በኦክላንድ ከእኛ በብዙ ዓመታት ይቀድማል። መሐል ከተማ በ8ኛና በፍራንክሊን መንገዶች መገናኛ ዋንቶ የተባለ ሱቅ ነበራቸው። ጃፓን ፐርል ሃርበርን በደበደበች በማግስቱ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1941፣ ባለሱቁ «እኔ አሜሪካዊ ነኝ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ በበሩ ላይ ሰቀለ። ባለሱቁ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ነበር። ፎቶ አንሺዋ ዶሮቲያ ላንግ በመጋቢት 1942 ሥዕሉን ስታነሳ ሱቁ ተዘግቷል። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በየካቲት 19 ቀን 1942 ባወጡት ትእዛዝ ቁጥር 9066 መሠረት፣ ከዚህ አካባቢ የተለቀሙት ጃፓናውያን መጀመሪያ ሳን ብሩኖ ወደሚገኘው የታንፎራን ፈረስ መጋለቢያ ተወሰዱ፤ ብዙዎቹ በፈረስ ጋጥ ውስጥ አደሩ። ከዚያ ዩታ በረሃ ወደሚገኘው ቶፓዝ እስር ሰፈር ተጫኑ። ሲመለሱ ሱቁም፣ ቤቱም፣ መሸታ ቤቱም የሌላ ሰው ሆኖ ነበር። የኦክላንድ የጃፓን ሰፈር እንደገና አልቆመም። በመላው አሜሪካ የቀሩት የጃፓን ከተማዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ሳን ሆዜ ይገኛል። እዚያ የቡድሃ ቤተ መቅደሱ ከእስር የተመለሱትን ቤተሰቦች በመጠለያነት ስለተቀበለ ሕዝቡ መልሶ ተሰበሰበ። የሳን ሆዜ ወገኖቻችን ቅዳሜ ማታ የሚያልፉበት የጃክሰን መንገድ የቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ዛሬ በምሥራቁ ባሕር ዳር የሚከፈተው ኢዛካያ በ1942 የተዘጋው አይደለም። በ2000ዎቹና ከዚያ ወዲህ በአዲስ ባለቤት፣ በአዲስ ገንዘብ የመጣ ነው። ሳኬው እንኳ ከዚሁ ነው፤ ታካራ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በርክሌይ ውስጥ በሳክራሜንቶ ሸለቆ ሩዝ ይጠምቃል። ፋኖሱን የሰቀሉት ከቶኪዮ ልማድ ተምረው እንጂ ከኦክላንድ አያቶቻቸው ወርሰው አይደለም። በመሐል ያለው ክር ተበጥሷል።

የእኛስ? የቴሌግራፍን የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የምግብ ዝርዝር ደርድሮ ያየ ሰው ልዩነት አያገኝም። በየዓይነቱ፣ ጥብስ፣ ክትፎ፣ ዶሮ ወጥ፣ ሽሮ። ሁሉም ጥሩ ነው። ግን የአጋሜ ጥህሎ የለም። የአርሲ ጭኮ የለም። የሲዳማ ቡርሳሜ የለም። የሐረሪዎች ሁልበት መረቅ የለም። ስልጆ በፆም ወራት እንኳ በመከራ ነው የሚገኝ። ከመጠጥም የጎንደር ኮረፌ፣ የደቡቡ ቦርዴ፣ የወሎ ሙስሊም ቀሪቦ ጨርሶ አይታወቁም። ምክንያቱን መረዳት አያስቸግርም፤ ፈረንጁ የሚያውቀውን ነው የሚያዘው፣ ባለቤቱም ኪራይ መክፈል አለበት። በዚህ ላይ አገር ቤት የክልል ጠብ እየከረረ በሄደበት ዘመን «የጎጃም»፣ «የትግራይ»፣ «የወለጋ» ብሎ በዝርዝር ላይ መጻፍ ፖለቲካ ይመስላል ብሎ የሚሰጋ አለ። ስጋቱ ያለምክንያት አይደለም። ነገር ግን ጃፓናዊው «የኪዩሹ» ብሎ ሲጽፍ አገሩን አልከፋፈለም፤ የኪዩሹን ልጅ ብቻ ሳይሆን የቶኪዮውንም ጠራበት። ጥህሎ መብላት የሚፈልግ የመንዝ ሰው የለም ያለው ማን ነው? ይህን የሚሠሩ እጆች ደግሞ እያረጁ ነው። በኦክላንድና በሳን ሆዜ ስልጆ ጥዶ፣ ቀኑን ቆጥሮ ማንሳት የሚችሉ እናቶች ብዙዎቹ እድሜያቸው ገፍቷል፤ ልጆቻቸው በብዛት እንግሊዝኛ ነው የሚናገሩት፣ ሙያውንም የጻፈላቸው የለም።

ጠላም አለ። ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 በፈረሙት ሕግ መሠረት በአሜሪካ አንድ አዋቂ ሰው ለራሱ ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ያለበት ቤት 200 ጋሎን ቢራ መጥመቅ ይችላል፤ መሸጥ ግን ክልክል ነው። ስለዚህ በቴሌግራፍ ምግብ ቤቶች ከአገር የመጣ ቢራና በጠርሙስ የታሸገ ጠጅ ይቀዳል። ጠላው ግን በየቤቱ ነው። ጌሾው ከሐበሻ ሱቅ ይገዛል፣ በጋን ፋንታ የፕላስቲክ በርሜል አለ፣ ወይራ ሲገኝ ይታጠናል፣ ሲጠፋ ይቀራል። ለፋሲካ፣ ለሠርግ፣ ለማኅበር ይደርሳል። በ40 ዶላር ኪዳን የገዛ ሰው የለም፤ የሚጠጣው የተጠራ ሰው ነው፣ የምታቀርበውም ማን እንደምትጠራ የምታውቅ ሴት ናት፤ በሯ ላይ ጣሳ የለም።